አሥራ አምስት እግር ጥላ

ባሌን ሲያነሱ «ያ ለጣሊያን የጻፈው ደብተራ» የሚሉ አሉ። አፋቸው ይቆረጥ አልልም፤ ክርስቲያን ነኝ። ግን የሚቆረጥሙት ቆሎ ያንቃቸው! አዎ፣ ጻፉ። ምን ጻፉ? ስለ ማን ብለው ጻፉ? ይህን የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ። እንዲያውም ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊደል ሳልቆጥር፣ ያውም በእግሬ።

ባሌ መሪጌታ አካለ ወልድ ይባሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላሉ አድባራት ዳዊት የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ራሳቸው ይፍቃሉ፣ ቀለሙን ራሳቸው ይበጠብጣሉ፣ መቃውን ራሳቸው ይቀርጻሉ። አንድ ዳዊት ስምንት ወር ይፈጅባቸዋል። ሲራመዱም ቀስ፣ ሲጎርሱም ቀስ፣ ሲቆጡም ቀስ ነው። እኔ ዘሪቱ ደግሞ ቶሎ ነው የምነደው። እሳቸው አንዴ እስኪቆጡ እኔ ሦስቴ ተቆጥቼ ሦስቴ እታረቃለሁ። መከባበሩ ግን አልጎደለንም፤ ስሰድባቸውም «አንቱ» ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ጣሊያን መንገድ አውጥቶ፣ በየቅዳሜው ለደምበጫ ገበያ ሰው የሚጭን ካሚዮን ጀምሮ ነበር። ጫካው ሁሉ አርበኛ ስለነበረበት፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት ክልክል ነው። ወረቀቱ ለአንድ ቀን፣ ለዚያች ካሚዮን ብቻ ነው። ካሚዮኑ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው «ለሽፍታ መልእክት ሊያደርስ ነው» ተብሎ ይታሰራል። ታዲያ ካሚዮኑ መቼ ይሄዳል? እሱ በካሚዮኑ ግቢ በር ላይ በተሰቀለ ቆርቆሮ ተጽፏል። መስመር በመስመር ላይ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ፤ የሸረሪት ድር በሉት። የእነሱ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ የእኛ ፀሐይ ስትወጣ። የእነሱ ስምንት የእኛ የጠዋቱ ሁለት ነው። ይህን ማን ነገረን? ማንም።

ታናሽ ወንድሜ ባዘዘው ከደምበጫ ወዲያ የሚያርስ ገበሬ ነው። ወገቤን አሞኝ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሰነበተና፣ ለቅዳሜ መመለሻ ይለፍ አወጣ። ዓርብ ዕለት ካሚዮኑ ግቢ በር ድረስ ሄዶ አንድ ዲያቆን ሰሌዳውን እንዲያነብለት ለመነ። ዲያቆኑም ሲቆጥር ሲቆጥር ቆይቶ «ስምንት ሰዓት» አለው። ስምንት ይላላ! ቅዳሜ ባዘዘው «የባዕድ ነገር አይታመንም፣ ልቅደም» ብሎ ገና ሰባት ሳይሞላ ሄደ። ካሚዮኑ ግን በጠዋት ሄዷል፤ ደምበጫ ደርሶ ዕቃውን አራግፏል። ዘበኛው «ሂድ ከዚህ» አለው። ወረቀቱ የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ከተማው ውስጥ ቢያድርም ወንጀል ነው፣ ቢሄድም ወንጀል ነው። በእግሩ ሄደ። ድልድዩ ላይ ያዙት።

«ካሚዮኑ በስምንት ሲሄድ የት ነበርክ?» አሉት።

«ስምንት እኮ ገና አሁን መሙላቱ ነው» አላቸው።

ሳቁበት። ከዚያ በአለንጋ ገረፉት። በሦስተኛው ቀን የተሰማው ነገር አንጀቴን አሳረረው፤ ከሌሎች እስረኞች ጋር ከአባይ ማዶ ሊያሻግሩት ነው፣ የሄደ ሰው ተመልሶ ወደማያውቅበት እስር ቤት። ቀኑም ተቆርጧል፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያለው ሰኞ። በየቀኑ ስንቅ ቋጥሬ እስር ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ስንቁን ይቀበሉኛል፣ ቃሌን የሚቀበለኝ ግን የለም። የመንገዱን አዛዥ ካፒቴኑን አንድ ቀን በቅሎ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ጮኼ ጠራሁት። ዘወር ብሎም አላየኝ፤ ዝንብ እንኳ ብጠራ ዞር ይልልኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን አንድ ጠዋት አስተርጓሚው እንዳላማው ቤታችን መጣ። የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጣሊያን የሰጠው ቦት ጫማ አለው፤ ገና ከሩቅ በኮቴው እናውቀዋለን።

«እትዬ ዘሪቱ፣ መሪጌታን ካፒቴኑ ይፈልጋቸዋል» አለ።

«ምን ሊያደርጋቸው? እሳቸውንም ሊገርፍ?»

«ኧረ በማርያም! ለጽሕፈት ነው።»

ተከትያቸው ሄድኩ፤ ማን ይከለክለኛል! በሩ ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ካፒቴኑ ከአለቆቹ የተግሣጽ ደብዳቤ መጥቶበታል። ሠላሳ ሰው ይለፍ ይወስዳል፣ የሚሳፈረው ግን አሥር አሥራ ሁለት ነው፤ ካሚዮኑ ባዶውን ይመላለሳል። እሱም «ያገሩ ሰው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ነው» ብሎ አስቧል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ያለውን እንዳለ በአማርኛ ፊደል፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጥልኝ ነው የሚለው።

ባሌ ቆርቆሮውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «የጎደለው ፊደሉ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው» አሉ። የእኛንና የእነሱን ሰዓት አቆጣጠር አስረዱ።

«ሰዓት ሰዓት ነው፤ ተማሩ» አለ ካፒቴኑ።

«እኛ እስክንማር ካሚዮንህ ባዶውን ይመላለሳል።»

እንዳላማው ላብ አጠመቀው። «መሪጌታ፣ ኧረ ‹እርስዎ› በሉት!» ብሎ አንሾካሾከ።

«እግዚአብሔርንም ‹አንተ› ነው የምለው» አሉ ባሌ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቀጠሉ፦ «እጽፍልሃለሁ። ማንም ገበሬ፣ ማንም ሴት የማይስተው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ዋጋ አልፈልግም። ባዘዘውን ፍታልኝ፤ እሱን ያሳሰረው የአንተ ሰሌዳ ነው።»

ካፒቴኑ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጡትን ጓደኞቹንም አየት አደረጋቸውና፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ ተናገረ። እስረኞቹ ሊሻገሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ባለው ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ይለፍ ይወስዳል። ሠላሳውም በሰዓቱ ከተሳፈሩ ባዘዘው ይፈታል። አንድ ሰው ከጎደለ ግን ሰኞ ባዘዘውም ይሻገራል፣ መሪጌታም አብረውት።

«ይሁን» አሉ ባሌ። በቃ፣ ይሁን! እኔን ያማከረኝ የለም።

ቤት ስንገባ ለቀቅሁባቸው። «አንቱ ሰውዬ፣ ወንድሜ አንሶ ባሌንም ልታስወስዱብኝ ነው?» አልኩ። «አንድ የሚዘገይ ሰው ጠፍቶ ያውቃል? እናንተ ቅዳሴ እንኳ በሰዓቱ ትገባላችሁ?» እሳቸው ቀለማቸውን መበጥበጥ ጀመሩ።

አምስት ቀን ሙሉ ጻፉ። ቀና አላሉም። በስድስተኛው ቀን አንድ ታላቅ ብራና ዘርግተው አሳዩኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ከላይ ሐረግ ተስሎበታል፣ ግራና ቀኝ ወፍ ቆሞበታል፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይስቃል። በስመ አብ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ቀኑን በወንጌላዊው ዘመን፣ በሠርቀ ሌሊቱ፣ በመጥቅዑ፣ በአበቅቴው ያትታል።

«መሪጌታ፣ ግሩም ነው» አልኩ። «ታዲያ ካሚዮኑ መቼ ነው የሚሄደው?»

ጎንበስ ብለው ፈለጉት። በጣታቸው ወረዱ፣ ተመልሰው ወጡ። የጻፉት ሰውዬ ራሳቸው የጻፉትን አጡት! ኋላ ከታች፣ ከወፏ እግር ሥር፣ በአሥራ አራተኛው መስመር ላይ አገኙት። እኔ መጮህ ፈልጌ ሳቅ ቀደመኝ። እሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህ ለሰው ነው ወይስ ለመልአክ?» አልኩ። «ኑ፣ ተነሡ፣ ገበያ እንሂድ። የሚሳፈረው ሰው እዚያ ነው ያለው።»

ቅቤ ሻጯ ወለተ ሐዋርያት ብዙ ጊዜ ለደምበጫ ይለፍ የምታወጣ ሴት ናት። ብራናውን ፊቷ ዘረጋንላት። «ምን ይላል?» ልላት አፌን ስከፍት፣ ሻሿን አስተካከለች፣ አማተበችና ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። ግንባሯን አስነካች፣ ከንፈሯን አስነካች። ከኋላዋ የነበሩ ሦስት ሴቶችም ተራቸውን ጠብቀው ተሳለሙ። የካሚዮን ሰዓት ነው ብል ማን ይሰማኛል! አንዷ እንዲያውም «የየትኛው ደብር ነው?» አለችኝ። ባሌ ብራናውን ቀስ ብለው ጠቀለሉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዘሪቱ፣ እኔ የማውቀው መጽሐፍ መጻፍ ነው» አሉኝ። «የሚቸኩል ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም። ባዘዘውን ገደልኩት።»

እሳቸውን እንደዚያ ሳይ ቁጣዬ ጠፋ። «ሰው አልሞተም፤ ዝም በሉ» አልኩና ወደ ወለተ ሐዋርያት ዞርኩ።

«እስቲ ልጠይቅሽ፤ ጾም የምትፈቺው መቼ ነው?» አልኳት።

«ጥላዬ ስድስት እግር ሲሆን ነዋ!» አለች። «ምነው፣ አንቺ አታውቂም?»

አውቃለሁ እንጂ! ማን የማያውቅ አለ? በሁዳዴ የራበው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የጥላው ራስ የደረሰበት ላይ ባልንጀራው ጠጠር ያኖርለታል፤ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያጋጠመ በባዶ እግሩ ይቆጥራል። ያገሬ ሰው ሰዓቱን እግሩ ላይ ይዞ ሲዞር፣ እኛ ብራና ላይ እንፈልጋለን! ባሌን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጥኑ አየኋቸው፤ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ወደ ካሚዮኑ ግቢ ሄዱ።

ሦስት ጠዋት እዚያ ቆሙ። እንዳላማው ከቢሮው የግድግዳ ሰዓት ፊት ሆኖ ስምንት ሲመታ በመስኮት ይጣራል፤ እሳቸው ጥላቸውን ይለካሉ። ሦስቱንም ጠዋት አሥራ አምስት እግር ሆነ። በየወሩ እንደሚለዋወጥ ያውቃሉ፤ የዚያች ቅዳሜ ግን ያው አሥራ አምስት ነው።

ከግቢው ፊት ለፊት የሙነወር ሱቅ አለ። ሙነወር ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የሱቁ ግንብ በኖራ የተለሰነ፣ ከመንገዱ በኩል ረጅምና ባዶ ነው። ባሌ ግንቡን ሲለምኑት አንድ ነገር ጠየቀ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ረጅም ነዎት፣ እኔ አጭር ነኝ። ጥላችን እንዴት እኩል ይሆናል?»

«ጥላው አይሆንም፤ ቁጥሩ ግን ይሆናል። አጭር ሰው እግሩም አጭር ነው።»

ሙነወር ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው፣ እኛም የዐስርን ሶላት የምንሰግደው በጥላ ነው። ግንቡ የእርስዎ ነው። ጣሊያን ከተቆጣም በሁለታችን ይቆጣ።»

ሥራውን ጀመርን። እኔ «ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ወዴት፣ በምን ቀን፣ ፀሐይዋ የት ስትደርስ። ከዚህ ሌላ አንዲት ጭረት ከጨመሩ እጅዎን እይዛለሁ!» አልኳቸው። ወዴት ለሚለው ፈረስ ሳሉ፤ ደምበጫ ሲባል የፈረስ ገበያው የማይታየው ማን ነው? ለቀኑ ሰባት ነጥብ በተርታ አደረጉ። የእሑዱን በመስቀል ተኩት። ሙነወር «ለእኛም ጁምዓን በጨረቃ አድርጉልን» አለ፤ ዓርብን ጨረቃ አደረጉት። በጨረቃውና በመስቀሉ መካከል ያለችውን ነጥብ ቀይ ቀቧት። ቅዳሜ ማለት ነው፤ ሕፃን አይስተውም። ወፍ ሊስሉ እጃቸው ሲሄድ አየሁና አሳልኩ። ተዉት።

ጥላው ላይ ስንደርስ ችግር ሆነ። እግር ሲስሉ እንደ መልአክ እግር ቀጭን እያደረጉ አስቸገሩኝ። «ተዉት!» ብዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ዘረጋሁ። «ቀለሙን እዚህ ቀቡ።» ለዓመት ጽሕፈት ያስቀመጡትን፣ ከጥላሸት የተበጠበጠ የዳዊት ቀለም በእግሬ ላይ አፈሰሱት። ከግንቡ ሥር እየተንፏቀቅሁ፣ ተረከዝ ከጣት እያጋጠምኩ፣ አሥራ አምስት ጊዜ እግሬን ለጠፍኩ። በጥላው ጫፍ የቆመውን ሰውዬ እሳቸው ሳሉት። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል፤ የደብተራ ሚስት ግንብ ረገጠች ይላል። ሳቁ! የሳቀ ሰው አይረሳም።

ወለተ ሐዋርያትን አመጣኋት። አልተሳለመችውም። አየችና «ቅዳሜ፣ ደምበጫ፣ አሥራ አምስት እግር ሲሆን» አለች። ከዚያም «ለምን ጠራሽኝ? ይህማ ግልጽ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። አቅፌ ሳምኳት።

ቅዳሜ ነጋ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ካፒቴኑ ከነጓደኞቹ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሠላሳውን ስም የያዘው ወረቀት በእንዳላማው እጅ ነው። ሰው በየአቅጣጫው መጣ፤ ገና ሩቅ ሳለ እየቆመ ጥላውን ያያል። ጥላው ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት እግር እያለ ሃያ ዘጠኙ ካሚዮኑ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ የብርጓል የምትባል አሮጊት፣ ከዳገቱ ማዶ የምትመጣ። የካፒቴኑ ፊት ተለወጠ። በሰው ፊት የገባው ውርርድ ነው፤ ሊሸነፍ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሰዓት አወጣ፣ እሱ ብቻ አየውና መልሶ ከተተው።

እንዳላማው ተረጎመ። «ስምንት ሞልቷል። አንድ ሰው ጎድሏል። ይነዳ ብሏል።»

ሞተሩ አጓራ። ደሜ ፈላ! ጥላዬ ከፊቴ ተጋድሟል፤ አሥራ አምስት የት፣ እሱ የት! ነጠላዬን አደግድጌ ካሚዮኑ ፊት ገብቼ ቆምኩ።

«ገና ነው!» አልኩ። «ጥላው ገና ነው! ዋሽቷል!»

አንድ ወታደር ጠመንጃውን አነሣ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ፤ ግን ብሸሽ የት እሄዳለሁ? ሰኞ ባሌንም ወንድሜንም ሊወስዱብኝ እኮ ነው። ያኔ ወለተ ሐዋርያት ከካሚዮኑ ላይ ቅቤዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ ዘለለች። ወረደች! ካሚዮኑ ቢሄድ መንገድ ላይ የሚያዙት እነሱ ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሃያ ዘጠኙም ወረዱ። ካሚዮኑ ፊት፣ መንገዱ መሐል፣ ጀርባቸውን ለፀሐይዋ ሰጥተው ቆሙ። አንዱ ለአንዱ ጠጠር እያኖረ፣ ሁሉም ጥላውን መለካት ጀመረ። መንገዱ ሁሉ በሚቆጥር ሰው ሞላ። «ሃያ አንድ!» አለ አንዱ። «ሃያ አንድ!» አለች ሌላዋ። ሙነወርም ሱቁን ትቶ መጣ፣ ለካ፣ «ወላሂ ሃያ አንድ ነው!» አለ።

ካፒቴኑ በቁጣ እንዳላማውን ገፈተረው፤ «አንተ ለካ» ማለቱ ነው። እንዳላማው መሐላችን ገባ። በቦት ጫማው ጧ ጧ እያለ ቆጠረ። «አሥራ ስምንት» አለ ቀስ ብሎ።

«ጫማህን አውልቀህ ለካ!» አልኩ።

መላው ሰው ተቀበለኝ። «ጫማህን አውልቅ! ጫማህን አውልቅ!» ከገበያው እየሮጠ የመጣውም ይጮህ ጀመር። እንዳላማው ወደ ካፒቴኑ አየ። ከዚያ ወደ እኛ አየ። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ። ያ እግር ፀሐይ ሳያየው ነጥቶ ነበር። ተረከዝ ከጣት እያጋጠመ ጥላውን ተራመደ።

«ሃያ» አለ ጮክ ብሎ። «ሃያ እግር ነው። ስምንት አልሞላም።» ይህንኑ በጣሊያንኛ ደገመው።

የካፒቴኑ ፊት በርበሬ መሰለ። ወደ ባሌ ሄደና እየጮኸ ተናገረ፤ «እነዚህን ሰዎች ካሚዮኔ ፊት ቁሙ ብሎ ያዘዘ ማነው?»

ባሌ አልቸኮሉም፤ መቼ ቸኩለው! «አንተ ነህ» አሉት። «ግንቡ ላይ ያለው የእኔ ቃል አይደለም፤ የአንተ ነው። ስምንት ሰዓት ያልከው አንተ ነህ። እኔ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ብቻ ነው ያደረግሁት። አሁን አንብበውታል።»

ወታደሩ ይተኩስ እንደሆነ ካፒቴኑን አየ። ምን ይተኩሳል! የሚጭነውን ሰው ገድሎ ማንን ይጭናል? ደብዳቤው አለበት። ከበላዮቹ ቁጣ የእኛ ጩኸት አይብስበትም። ካፒቴኑ እጁን አወናጨፈ፤ ሞተሩ ጠፋ። ቆምን። ማንም አልተነቃነቀም። ጥላችን ሲያጥር እናያለን፤ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ሰባት። ዓይኔ ዳገቱ ላይ ቀረ። የብርጓል የለችም። «እመ ብርሃን፣ ያችን አሮጊት ክንፍ ስጫት» እያልኩ ተሳልኩ። አሥራ ስድስት ሲሆን አንዲት ዶሮ የታቀፈች ሴት ከዳገቱ ብቅ አለች። አትሮጥም፤ እንዲያውም አንድ ቦታ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። ልሞት ደረስኩ!

ደረሰች። ያንን ሁሉ ሰው፣ ያንን ሁሉ ወታደር አየች፤ ማንንም አልጠየቀችም። ዶሮዋን ለወለተ ሐዋርያት አስያዘች፣ ካሚዮኑ ፊት ቆመች፣ ጠጠር አስደረገች፣ ጥላዋን ረግጣ ቆጠረች።

«አሥራ አምስት» አለች። «ምነው፣ ዘገየሁ እንዴ?»

የተነሣውን እልልታ ምን ብዬ ልንገራችሁ! እንዳላማው ስም ጠራ፤ ሠላሳውም «አቤት» አሉ። ካሚዮኑ በእነሱ በስምንት፣ በእኛ በአሥራ አምስት እግር ሄደ።

ካፒቴኑ ቃሉን ሊበላው ይችል ነበር። ግን ጓደኞቹ አሉ፣ ገበያውም እንዳለ እስር ቤቱ በር ድረስ ተከትሎታል። ባዘዘውን አወጡት። ከስቷል፤ ጋቢው ከጀርባው ቁስል ጋር ተጣብቋል። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ አለቀስኩ። ካፒቴኑ ግን እንዲሁ ሊለቀው አልወደደም። በሰው ፊት ጣቱን ቀስሮ አንድ ነገር ተናገረ።

«ሂድ፣ ምሬሃለሁ። ሁለተኛ ግን በሰዓትህ ድረስ ይልሃል» አለ እንዳላማው።

እጁን ይዤ ጎተትኩት። «ና፣ እንሂድ፣ ና በሞቴ» አልኩት። ባዘዘው አልተነቃነቀም።

«እኔ በሰዓቴ ነበርኩ» አለ።

 ካፒቴኑ «ምን አለ?» ብሎ እንዳላማውን ጠየቀው። እሱም አጭር መልስ መለሰለት፤ «ግራሲየ» የምትለዋን ቃል እኔም ሰማሁ። ማመስገን እንደሆነች ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ባዘዘውም ሦስት ሳምንት እስር ቤት ተቀምጦ ተምሯታል።

«እንደሱ አላልኩም» አለው። «አላመሰገንኩትም። ምሕረትም አልለመንኩትም። ያልኩትን ንገረው።»

«ባዘዘው፣ እባክህ...» አለ እንዳላማው። ጫማዎቹን በእጁ እንደያዘ ነው፤ መልሶ አላጠለቃቸውም። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም፤ የተከፈተው በር መልሶ ይዘጋል ብዬ ጋቢውን እጎትታለሁ። ባሌን «አንቱ፣ ንገሩት እንጂ!» አልኳቸው። እሳቸው ግን ባዘዘውን አየት አደረጉና፣ ከመንገዱ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ስለዚህ ጠበቅን። ካፒቴኑ አለ፣ ወታደሮቹ አሉ፣ ገበያው እንዳለ ቆሟል፤ ባዘዘው በዚያ በቆሰለ ጀርባው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቀ። እንዳላማው ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ። በሦስተኛው ወደ ካፒቴኑ ዞረና ቃሉን እንዳለ፣ አንዲትም ሳያጎድል ተረጎመለት። ካፒቴኑ ሰማ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤታችን የሄድነው።